የማረን ቁጣ በወረቀት ላይ

ካርና በዴንማርክ የሌሶ ደሴትን ሰው አነጋገር እየጻፈች ስትለቅም ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። አስተማሪ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ግን ቀኗን ሁሉ የምታጠፋው በዚሁ ነው። የድምፅ መቅጃ መሣሪያ ገና ደሴቱን አልረገጠም። ያላት ከኮፐንሀገን የተላከላት የድምፅ ምልክቶች ሰንጠረዥ ነው። ምልክቶቹ የአንድ አገር ፊደል አይደሉም፤ የዴንማርኩንም፣ የፈረንሳዩንም፣ የዓረቡንም ድምፅ እኩል ይጽፋሉ። ጉሮሮ ላይ ለሚታነቀው አንድ ምልክት፣ በአፍንጫ ለሚወጣው ሌላ። ካርና በነሱ የጻፈችውን ስታነብ የተናጋሪው ትንፋሽ ሳይቀር ይመለሳል። የደሴቱ ሰው ግን «የካርና ጉንዳኖች» ብሎ ይስቅባቸዋል።

ያስቸገራት ሰዉ ነው። እርሳስ ያየ ሁሉ ቄስ ይሆናል። ሲሳደብ ከወደብ የሚሰማው ዓሣ አጥማጅ፣ የምትጽፍበት ካርድ ሲወጣ ድምፁን አለስልሶ የዋና ከተማ ጨዋ ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ካርና እርሳሷን መደበቅ ጀመረች። ከቤቱ ሰዎች ጋር ድንች እየላጠች ትሰማለች፤ የሰማችውን በልቧ ይዛ ትወጣና ከጎተራ ጀርባ ቆማ ትጽፋለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ሰው ቤት ገብቶ የሰው ቃል መስረቅ ነውና ታፍርበታለች።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ላውሪትስ በሯን አንኳኳ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ማረን ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። ጭቃ በለበሰ የእንጨት ጫማው ወለሉ መሀል ድረስ ገባ። ካርና ጭቃውን አይታ ወንበር ሳበችለት።

«ድምፅዋ እየጠፋብኝ ነው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ፊቷስ ፎቶ አለኝ። ድምፅዋን ግን ጠዋት ስነሳ እፈልገዋለሁ፣ የለም። አንቺ አነጋገሯን ጽፈሽው ነበር አይደል?»

«ጽፌያለሁ፣ ጋሽ ላውሪትስ። ይቀመጡ።»

ከሳጥኑ ካርዶች አውጥታ ማረን ስለ በግ ሸለታ የነገረቻትን አነበበችለት። ንግግሩ ልስልስ ያለ ነው። ላውሪትስ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺማ የቄሱ ሚስት ናት! ማረን ሃምሳ ዓመት አብራኝ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ‹እባክህ› ብላኝ አታውቅም።»

«እርሳሱን አይታ ነው።»

«በቃ፣ የለችም ማለት ነዋ» ብሎ ተነሳ።

ካርና አዘነችለት። ሳጥኑ ግርጌ ሌላ ካርድ እንዳለ ታውቃለች። ካነበበችው ሠላሳ ዓመት የደበቀችው ጉድ ይወጣል፤ ከነገ ጀምሮ ደሴቱ ሁሉ በሩን ሊዘጋባት ይችላል። ካላነበበችው ሰውየው ባዶ እጁን ይሄዳል። ትንሽ አመነታችና ካርዱን መዘዘችው።

«አንድ ሌላ አለ። ሳታውቅብኝ የጻፍኩት ነው፤ ከእናንተ ጎተራ ጀርባ ቆሜ።»

ላውሪትስ አፈጠጠባት። «ሰርቀሽ?»

«ሰርቄ።»

«ታዲያ አንብቢዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

ካርና መነጽሯን አስተካከለች። ማረን በታነቀችበት እየታነቀች፣ ትንፋሽ በሳበችበት እየሳበች፣ የመጨረሻውን ቃል እንደሷ ጎትታ አነበበች።

«አንተ ሰውዬ! ደግሞ ከነጭቃህ ገባህ? ወለሉን ማን የሚያጥብልህ መስሎህ ነው፣ እናትህ ከመቃብር ተነስታ?»

ላውሪትስ እግሩን አየ። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ጫማዎቹን አወለቀ፤ ወደ በሩ ወስዶም ውጭ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከዚያ በካልሲው ተመልሶ ተቀመጠ።

«ድገሚው» አለ።