ሁለተኛው ቅጠል

የጤና ጣቢያችን ሐኪም ለሆድ ቁርጠት የምሰጠውን ቅጠል ዕድሜ ልኩን «ሣር» እያለ አላግጦብኛል። አንዲት ተመራማሪ በጥንቸል አንጀት ልትፈትነው ስትለምነኝ ሌላ ቅጠል ሰጠኋት፤ መድኃኒት ለባዕድ ከታየ ኃይሉ ይጠፋል ብላ እናቴ አስምላኝ ነበር። ፈተናው ከሸፈ። ሐኪሙም ወሬውን ሰምቶ በወረታ ከተማ ገበያ መሀል፣ «እሜቴ፣ ሣርዎን ጥንቸልም ናቀችው!» አለኝ።

በማግስቱ መሐላዬን አፈረስኩ። እውነተኛውን ከሩዝ ማሳዬ ዳር ቆርጬ ራሴ ለተመራማሪዋ ወሰድኩላት። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የተንጠለጠለው ቁራጭ የጥንቸል አንጀት ይኮማተራል፣ ይላላል፤ ከእሱ ጋር የታሰረ መርፌ እንቅስቃሴውን ወረቀት ላይ በመስመር ይጽፋል። የቅጠሉን ጭማቂ ጠብ ስታደርግበት አንጀቱ ረገበ፤ መስመሩም ቀጥ አለ።

«የፊተኛው ታዲያ ምን ነበር፣ እማማ?»

«የከብት መኖ።»

የወረቀቱን ግልባጭ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬያለሁ። ቅዳሜ ሐኪሙ ከገበያ አይቀርም፤ እኔም አልቀርም።