በዘፈኑ መሐል ያለችው ሴት

ደሴ ውስጥ ይሸጡ የነበሩትን ርካሽ ካሴቶች ታሪክ ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ ቤቴ በካሴት ተሞልቶ መተላለፊያ የለውም። የሚያሳትሟቸው ሙዚቃ ቤቶች የዘፋኙን ስም እንኳ ሽፋኑ ላይ ለመጻፍ ይሰስቱ ነበር። በወሬ ብቻ የማውቀውን አንድ ዘፈን ፍለጋ ያላንኳኳሁት በር የለም። በመጨረሻ ካሴቱ ኮምቦልቻ አንዲት ልብስ ሰፊ እጅ እንደሚገኝ ሰማሁና ማጫወቻዬንና መቅጃዬን ታቅፌ በሚኒባስ ወረድኩ።

እሷ ግን የዘፈኑ ነገር ግድም አልሰጣት። ዘፈኑ መሐል ገብታ ካሴቱን አባዝቶ መሸጥ እንደሚያስጠይቅ የምታስጠነቅቅ ሴት አለች፤ የሙዚቃ ቤቱ ሠራተኛ ነበረች። ያቺ ሴት የልብስ ሰፊዋ እናት ናት። ልጇን ጡት ሳታስጥል ሞተች፤ ድምጿም ከዚህ ካሴት በቀር የትም የለም። አክስቷ ካሴቱን ብትሰጣትም ማጫወቻ አጥታ እስከዛሬ አልሰማችውም። እኔ ደግሞ ዘፈን ስለሚያበላሹብኝ እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎችን ስረግም የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ሙዚቃ ቤት ራሱ የሰው ሥራ እየቀዳ ሲቸበችብ ነው የኖረው። ይህን አልነገርኳትም።

መሥራቱን ልይ ብዬ መቅጃውን ሳልከፍት አጫወትኩት። ዘፈኑ ሲጀምር ልቤ ዘለለች። ትንሽ ቆይቶ የሴት ድምፅ «ይህ ካሴት» ብሎ ተነሣ፤ ከዚያ ቃሉ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ሄደ። ዘልዬ አጠፋሁት። ማጫወቻው ክሩን ጎርሶ የጎማው መሽከርከሪያ ላይ ጠምጥሞታል። የተጠመጠመው እናቲቱ የምትናገርበት ክር ነው።

እሱን ቆርጬ ብጥለው የቀረው ዘፈን ይተርፋል። ካልቆረጥኩት ከዘፈኑ በኩል እየሳብኩ ማላላት አለብኝ፤ የዘፈኑ ክር ደግሞ ደርቆ ሲነኩት ይፈረፈራል። ሁለቱን አስረዳኋት። ሳስረዳት መቀሷን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ነበር። ልቆርጠው በጣም ፈልጌ ነበር።

መዳፏን ማጫወቻው ላይ ጫነች።

«ጋሼ፣ ዘፈኑን ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል። እኔ ወላሂ ሌላ የለኝም።»

ዘፈኑ ሌላ ማንም ዘንድ እንደሌለ ስለማውቅ ተናደድኩ። እጇን ግን አላነሣችም፤ መቀሱን አስቀመጥኩት።

ብሎኖቹን ፈትቼ ክሩን በጣቴ መሳብ ጀመርኩ። ዘፈኑ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ጣቶቼ ላይ ቀረ። የተጠመጠመው ተጨማዶ፣ ግን ሳይበጠስ ወጣ። በእስክሪብቶ አጠነጠነችው፤ እኔም መቅጃውን ከፈትኩ።

«ይህ ካሴት ደሴ ፒያሳ ተቀዳ። አባዝቶ የሸጠ ይጠየቃል።» ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ጠፍቶ ሽው የሚል የባዶ ክር ድምፅ ብቻ ነበር። ቅጂውን ወደ ልብስ ሰፊዋ ስልክ ላኩላትና ወጣሁ።

ደሴ እንደገባሁ ደርሷት እንደሆነ ልጠይቅ ደወልኩ። ስልኩ ተነሣ።

«ይህ ካሴት ደሴ ፒያሳ ተቀዳ» አለኝ ድምፁ።

ቅጂውን የከፈተችው መስሎኝ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። የምትናገረው ልብስ ሰፊዋ ራሷ ነበረች።