የሠራሁትን ጣሳ ያፈረስኩበት ቀን

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ መርካቶ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ብዙውንም ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ በሰው ፊት ጥፋቴን ጮክ ብዬ ያመንኩት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

አባቴ ከወሎ መጥቶ መርካቶ የከተመ ቆርቆሮ ሠሪ ነበር። በእኛ በቆርቆሮ ሠሪዎች ተራ ያለው ሰው ሁሉ የሚኖረው ከተማው በጣለው ነገር ነው። ቆራሌዎች በየሰፈሩ እየዞሩ የሳልሳ፣ የዘይት፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ሰብስበው ያመጣሉ። እኛ እናጥበዋለን፣ እንቆርጠዋለን፣ እንቀጠቅጠዋለን። ኩራዝ፣ ማጥለያ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የእህል መስፈሪያ ሆኖ ይወጣል። «ቆሻሻ ለቃሚዎች» ይሉን ነበር። ይበሉ። የጣሉትን መልሰው የሚገዙት ከእኛው ነበር።

የብየዳው ጭስ የአባቴን ዓይን ሲያደክመው መዶሻውን እኔ ተረከብኩ። ሴት ልጅ ቆርቆሮ ስትቀጠቅጥ ለማየት ቆመው የሚስቁ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ላይ ግራኝ ነኝ፤ የጣሳውን ስፌት የማጥፈው ወደ ግራ ነው። እንዲህ የሚያጥፍ ሌላ ሰው ተራው ውስጥ አልነበረም።

የምንሠራበት መጠለያ የአቶ ደምሴ ነው። እሳቸው እህል ተራ ብዙ መደብ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ከፈለጉ ያስቀምጡናል፤ ካልፈለጉ ያስነሱናል።

አንድ ቀን መጥተው አሥራ ሁለት ጣሳ አዘዙኝ።

«የጋዝ መቅጃ ነው። ታቹ እየዛገ ስለሚያስቸግረኝ ከውስጥ ሁለት ጣት ከፍ አድርገሽ ሌላ መቀመጫ ግጠሚበት» አሉኝ።

ጋዝ የነካው ቆርቆሮ ቶሎ እንደማይዝግ የቆርቆሮ ሠሪ ልጅ ታጣዋለች? ልቤ ጠርጥሯል። ግን መጠለያው የእሳቸው ነው፤ ብንነሳ ዓይኑ የደከመ አባቴን ይዤ የት እገባለሁ? ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሠራሁላቸው። አላወቅኩም ብዬ አንባቢን አልዋሽም።

ብዙም ሳይቆይ ረመዳን ገባ። ለአባቴ ማፍጠሪያ ሾርባ የሚሆን ምስር ልገዛ እህል ተራ ወረድኩ። አንዱ መደብ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ሻጯ ምርቃት ላይ እጇ አይታጠፍም፤ ከሰፈረች በኋላ በእፍኝ እየዘገነች ትጨምራለች። ሰውም ለዚህ ነበር የሚሻማው። እኔም ተሰለፍኩ።

ከፊቴ አንዲት እናት ቆመዋል። እጃቸው በሳሙና ተልጧል፤ ልብስ አጣቢ መሆናቸው ያስታውቃል። ሻጯ አሥር ጣሳ ምስር እየሰፈረች ከረጢታቸው ውስጥ ትገለብጣለች። ጣሳውን ሳየው ስፌቱ ወደ ግራ ታጥፏል።

ሥራዬን አወቅኩት፤ መደቡ የአቶ ደምሴ፣ ጣሳውም ለጋዝ ብለው ያዘዙኝ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ቀስ ብዬ ከሰልፉ ለመውጣት ነበር። እውነቴን ነው።

ሴትየዋ ከረጢታቸውን እያሰሩ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ የዘንድሮ እህል በረካ የለውም። አሥር ጣሳ ገዝቼ ከልጆቼ ጋር ሳምንት አይደርስልኝም» አሉኝ።

እግሬ መሄድ እምቢ አለኝ። «እትዬ፣ ከረጢቱን አይሰሩት፤ ይቆዩ» አልኳቸው። ሻጯን ደግሞ «እስቲ ጣሳውን አቀብይኝ» አልኳት። ልገዛ መስሏት ሰጠችኝ። መደቡ ላይ ከነበሩት የሚዛን ብረቶች አንዱን አነሳሁና የጣሳውን ውስጥ መታሁት። የበየድኩት እኔ ነኝ፤ የቱ ጋ እንደሚለቅ አውቃለሁ። በሁለተኛው ምት የላይኛው መቀመጫ ተገነጠለ። አወጣሁትና ለሰው አሳየሁ።

ከዚያ የሴትየዋን ምስር መደቡ ላይ ዘርግፌ በዚያው ጣሳ እንደገና ሰፈርኩት። ከነምርቃቱ ሰባት ሆነ። ሻጯ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እሷም ተቀጣሪ ናት፤ የምታውቀው ነገር የነበረ አይመስለኝም።

አቶ ደምሴ ከላይኛው መደብ እየተቻኮሉ መጡ።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ንብረቴን የምትሰብሪው ማን ሆነሽ ነው? ቆሻሻ ለቃሚ!»

«ቆሻሻ መልቀሙን እለቅማለሁ፤ ከደሃ ከረጢት ግን ለቅሜ አላውቅም» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ሰዉ ዞሩና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ይህን ጣሳ የሠራችው ማን እንደሆነች ጠይቋት! እሷ ናት! እኔንም ያታለለችኝ እሷ ናት!»

የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ልብስ አጣቢዋም አዩኝ፤ የእሳቸው ነው የከበደኝ። አልሠራሁም ብል ማን ያረጋግጥብኛል? ስፌት አይቶ ሠሪ የሚለይ እዚያ አልነበረም። አዎ ብል ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማን ከእኔ መስፈሪያ ይገዛል?

«አዎ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። «አዘውኝ አሥራ ሁለት ሠራሁ። አንዱ ይኸው። አሥራ አንዱ የት እንዳለ እሳቸው ይንገሯችሁ።»

ሰዉ መልሳቸውን አልጠበቀም፤ በአቶ ደምሴ መደቦች ሁሉ እየዞረ ጣሳ ማገላበጥ ጀመረ። ስድስቱ በዚያው ሰዓት ተገኙ።

በማግስቱ ዕቃችን ተለቅሞ መንገድ ላይ ተጣለ። ከተራው ሰው አንዳንዱ «አንቺ ደፈርሽ ብለን እኛም እንነሳ?» ብሎ ተቆጣኝ። አልፈረድኩባቸውም። አባቴ ከፈረሰው ጣሳ የወጣውን ቆርቆሮ በጣቱ ዳሰሰና፣ «ብየዳሽስ ጥሩ ነበር። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው» አለኝ። ከዚያ መዶሻውን ራሱ ተሸከመልኝ።

አንዋር መስጊድ አካባቢ አንድ ግንብ ሥር ላስቲክ ወጥረን ሥራ ጀመርን። ክረምቱ አልማረንም። ቆራሌዎቹ ግን ጣሳ ማምጣታቸውን አልተዉም። ገዢው መስፈሪያ ሲያነሳ መጀመሪያ ይገለብጠዋል፣ ጣቱን ከቶ ውስጡን ይለካል፣ ያንኳኳዋል። ስሜን ሰምቶ ነው የመጣው። በመጀመሪያ አንጀቴን ያሳርረው ነበር፤ በኋላ ግን ራሴ ገልብጬ መስጠት ጀመርኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አቶ ደምሴ ሽማግሌ ላኩብኝ። ጥፋቱ የእኔ የሠሪዋ ስህተት ነው ብዬ ሰው ፊት ብናገር መጠለያውን ይመልሱልናል። ሽማግሌውን በአክብሮት አስተናገድኳቸው። መልሴንም በትሕትና ነገርኳቸው፦ «አባባ፣ ስህተት ቢሆን አንዱ እንኳ ጎድሎ ሌላው ይሞላ ነበር። አሥራ ሁለቱም ጎዶሎ ነው። አልልም።»

ዛሬ አርጅቻለሁ። ልጆቼ ይህን ታሪክ ስናገር የመጀመሪያውን ነገር እንድዘለው ይፈልጋሉ፤ ጣሳውን የሠራሁት እኔ መሆኔን። ያሳፍራል ይሉኛል። አዎ፣ ያሳፍረኛል። ቢሆንም እናገረዋለሁ፤ ያን ጊዜ ባልናገረው ኖሮ አሥራ አንዱን ማንም አይፈልጋቸውም ነበር።