ባሌን ባሕረ ሐሳብ ሳስጠና

አባቴ አንኮበር አጠገብ ያለ ደብር መሪጌታ ነበሩ። በሞቱ በወሩ የደብሩ አለቃ ቁርጡን ነገሩን። መሬቱ ለአገልጋይ የተሰጠ ነውና ባሌ በቦታቸው ማገልገል ከቻለ እናርሳለን፤ ካልቻለ መሬቱም ቤቱም ለሚመጣው መሪጌታ ይለቀቃል። ፈተናው የመጪውን ዓመት አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ አስልቶ ማውጣት ነበር።

ባሌ ያባቴ ተማሪ ነው። አንድ ግቢ ስላደግን አንቱ ማለት አልሆነልኝም። ሲያዜም ብትሰሙት ታለቅሳላችሁ፤ ቁጥር ላይ ግን፣ እግዚኦ! እኔ ጥጥ እየፈተልኩ በጆሮዬ የለቀምኩትን እሱ ዓመታት ተቀምጦ አልያዘውም። ሴትን ግን ማን ይፈትናታል?

ነሐሴን ሙሉ ዝናቡ እየወረደ እኔ ጠያቂ፣ እሱ ተጠያቂ ሆንን። የዓመቱ ቁጥር ለዐሥራ ዘጠኝ ሲካፈል አምስት ይተርፋል፤ ከተረፈው አንዱ ይተዋል፤ የቀረው አራት ወንበር ይባላል። አራት ባሥራ አንድ ሲባዛ አርባ አራት፣ ሠላሳው ሲነሳ አበቅቴው ዐሥራ አራት። እዚህ ድረስ ደህና። ቀጥሎ ወንበሩ ባሥራ ዘጠኝ ተባዝቶ፣ ሠላሳ ሠላሳው ተነስቶ መጥቅዕ ይወጣል፤ እሱ ግን ሃያ ሰባት ይለኛል። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ ካልሆኑ ስሌቱ ተበላሽቷል።

"አርባ አንድ? ከገበያ ነው የገዛኸው?"

"አንቺ ሴት፣ በቃ አታድርቂኝ!"

ማባዛቱን ብፈትሽ ደህና ነው። ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ቀን አፌን ዘግቼ ሳዳምጠው ገባኝ። ትምህርቱን በዜማ ስለያዘው ከመሃል መነሳት አይችልም፤ ለመጥቅዕ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳና "አንዱን ተው" የሚለው ላይ ሲደርስ ካራቱም ደግሞ አንድ ይተዋል። አራት ባቄላ ሰሌን ላይ ደርድሬ፣ "እነዚህን ከነካህ እጅህን እሰብረዋለሁ፤ ከዚህ ጀምር" አልኩት። ዐሥራ ስድስት አለ። ሠላሳ ሞላ። እልል አልኩ፣ እኔ ሞኝ።

በጳጉሜን ካህናቱ ለፈተናው ከደብሩ ጥድ ሥር ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶቹ ራቅ ብለን ቆምን። ባቄላ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ባሌ አበቅቴውን በደንብ አወጣና ዜማውን ከመጀመሪያው ጀመረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? "ሃያ ሰባት" አለ።

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። "ወንበሩ አራት ነው፣ አትንካው!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረብኝ። አለቃው ጠሩኝና "እስኪ አንቺ ጨርሺው" አሉኝ። ነነዌን፣ ዓቢይ ጾምን፣ ሆሳዕናን፣ ፋሲካን እያልኩ እስከ መጨረሻው አወጣሁት። አንዱ ካህን ይጽፍ ነበር።

"ልክ ነሽ ልጄ፤ አንድም አልሳትሽ" አሉኝ አለቃው። ከዚያ ወደ ባሌ ዞረው፣ "መስቀል ሲያልፍ ቤቱን ትለቃላችሁ" አሉት።

የዘመን መለወጫ ዕለት እኔ ያወጣኋቸው በዓላት በዐውደ ምሕረቱ ለሕዝቡ ሲታወጁ ቆሜ ሰማሁ። ባሌ ቤት ቀርቶ ጓዝ ይሸክፍ ነበር።