የእማዬ እብነ በረድና ሐውልት ሠሪው

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ዛሬም ድረስ ሳስበው አንዴ እስቃለሁ፣ አንዴ አፍራለሁ። የእናቴን ኩሽና ለመፍረስ ያበቃሁት እኔው ራሴ፣ በገዛ እጄ ነኝ። ያዳነልን ደግሞ ከኩሽና ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ሰው ነው።

የምንኖረው ጎፋ ሰፈር ነው፣ እኔና እማዬ ብቻ። እማዬ የወላይታ ሰው ናት። ዳጣዋን አንዴ የቀመሰ ሰው የሌላ ሰው ዳጣ አያምረውም። ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ስትወቅጠው ጎረቤቱ ሁሉ ያስነጥሳል። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ስትሮክ መታትና ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ዊልቸር ላይ ዋለች። የቤታችን ኩሽና በር ጠባብ ስለሆነ ዊልቸሩን አያስገባም። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር የውጭ ኩሽና አሠራሁላት። የሥራ ጠረጴዛውን ግንበኛ አምጥቼ ከነጭ እብነ በረድ፣ ልክ በዊልቸሯ ቁመት አስገነባሁት። የመጀመሪያው ቀን እጇን ዘርግታ ዳሰሰችውና “አሁን ሰው ሆንኩ” አለች።

እኔ ደግሞ ንጽሕና ላይ አጉል ሰው ነኝ። አንድ ቀን የቸርች እህቶች ለጸሎት ሊመጡ ሲሉ ድንጋዩ ላይ የዳጣ አረንጓዴ እድፍ አየሁ። ሎሚ ቆረጥኩ፣ ጨው ነሰነስኩ፣ ክንዴ እስኪዝል ፈተግሁት። ዓሣውም ዶሮውም እጃችንም በሎሚ አይደል እንዴ የሚጸዳው? ድንጋዩ ሲደርቅ ወዙ ጠፍቶ ሻከረ። ገና አልጠራም ብዬ በሳምንቱ ደገምኩት። ጉድ በሉ!

ከዚያ ክረምት ገባ። ጥላው ከጎን የሚመጣውን ዝናብ አያግድም። እኛ ቤት ደግሞ ዕቃ ሲገዛ ላስቲኩ አይላጥም፤ ሶፋው ከነላስቲኩ፣ ሪሞቱ ከነላስቲኩ ነው። ጠረጴዛውንም ወፍራም ላስቲክ አልብሼ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግኩትና እፎይ አልኩ። እማዬ ክረምቱን ሙሉ ላስቲኩ ላይ ሠራች። መስከረም ላይ ስገልጠው ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ድንጋዩ ከሥር ሻግቶ ጠቋቁሯል።

በጋውን በበረኪና ስታገል ከረምኩ። ግንቦት ላይ የቀለም ሱቅ ሻጩ “ቫርኒሽ ቀቢው፣ ይገላግልሻል” አለኝ። ገዝቼ በመጣሁ ማግስት ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ድንጋዩ እርጥብ ነበር። እኔ ግን ሥራ ሳልሄድ ልጨርሰው ብዬ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ቀባሁት። ያን ቀን ሲያብረቀርቅ ራሴን አደነቅሁ። በሳምንቱ ነጭ ሆኖ ተነፋፋና እንደ ሽንኩርት ልጣጭ መላጥ ጀመረ።

ታላቅ ወንድሜ ታምራት ፉሪ ነው የሚኖረው። እሑድ ምሳ ሊበላ መጥቶ ዳጣውን እንደጎረሰ ከአፉ አንድ ስስ ነገር አወጣ። የቫርኒሽ ቅርፊት ነበር። ተነስቶ ጠረጴዛውን ሄዶ አየውና ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

“ይኼ መርዝ ነው። ክረምት ሳይገባ ይፈርሳል” አለ። “እማዬም ከእንግዲህ ትረፍ። ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታለች።”

“ሌላ አሠራላታለሁ” አልኩ።

“በየትኛው እጅሽ? ይኼን ባበላሸሽበት?”

በሁለተኛው ቅዳሜ አፍራሾች ይዞ እንደሚመጣ ነገረን። እማዬ “እንዳላችሁ ልጆቼ” ብቻ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዊልቸሯ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። ቃሪያ ግዥልኝ ማለት ተወች። እናቴ ስትቆጣ እችላለሁ፤ ዝም ስትል ግን አልችልም። ይኼ ጠረጴዛ እኔ በሕይወት እያለሁ አይፈርስም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ከሥራ ስመለስ ታክሲው መብራት ላይ ቆመ። በመስኮት ሳይ ከመንገዱ ዳር የመቃብር ሐውልት የሚሠራበት ቤት አለ። በየቀኑ አልፈዋለሁ፣ አይቼው ግን አላውቅም። እብነ በረዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ሜዳ ላይ ቆመዋል። ዝናብም ፀሐይም ይመታቸዋል፣ ላስቲክ የላቸውም፣ ግን ያበራሉ። “ወራጅ አለ!” ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ “እዚህ ፌርማታ የለም እኮ” ቢለኝም ወረድኩ።

ባለቤቱ ጋሽ ዘውዴ ይባላል። ስልሳ የሚጠጋ፣ ቅንድቡ ድረስ ነጭ አቧራ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ ሰው ነው።

“ለማን ነው የኔ ልጅ?” አለኝ።

“ለእናቴ።”

ኮፍያውን አወለቀ። “ነፍሳቸውን ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ።”

“ኧረ ጋሼ፣ እናቴ ደህና ናት! የታመመው የኩሽናዋ ጠረጴዛ ነው።”

የቅንድቡ አቧራ እስኪረግፍ ሳቀ። ሁሉንም ነገርኩት። ሎሚው ላይ ስደርስ እሱ ራሱ የመጠጠው ይመስል ፊቱን አኮማተረ።

“እብነ በረድን ሎሚ ይበላዋል። ላስቲክ ያፍነዋል። ቫርኒሽ ደግሞ ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ውሃ ካለ ይገፈፋል። የኔ ድንጋዮች ስንት ክረምት ሜዳ ላይ ሲቆሙ ማን ጃንጥላ ይዞላቸዋል?”

በማግስቱ ቤታችን መጣ። ድንጋዩን በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። “አልሞተም” አለ። “ግን የምትፈገፍጊው አንቺ ነሽ። ያበላሸ ያስተካክል።”

ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከሥራ መልስ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ፈገፈግሁ። መጀመሪያ ቫርኒሹን በምላጭ ላጥኩት። ከዚያ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው ጀምሬ እስከ ለስላሳው ድረስ ሄድኩበት። የጣቶቼ ጫፍ ተልጦ የቢሮው የአሻራ ማሽን አላውቅሽም አለኝ፤ አለቃዬ በወረቀት አስፈረመችኝ። ጋሽ ዘውዴ በየሁለት ቀኑ እየመጣ በመዳፉ ይዳስስና “ገና ነው” ብሎ ይሄዳል። እንዴት እንደምናደድ! ራሱ የሠራው ከቫርኒሹ ሥር የወጣውን ስንጥቅ በድንጋይ ዱቄትና በማጣበቂያ መሙላትና ከጠርዙ ሥር ቀጭን ቦይ ማውጣት ነበር። ዝናቡ ወደ ውስጥ ዞሮ እንዳይገባ፣ እዚያው እንዲንጠባጠብ ነው አለኝ።

በመጨረሻ “በቃ” አለ። “አሁን አምስት ቀን ይድረቅ። ማንም እንዳይነካው። ላስቲክ ደግሞ እንዳላይ!”

አራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ታምራት መዶሻ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ። ድንጋዩ ገና ምንም አልተቀባም፤ ለሚያየው ሰው ያው የፈዘዘ ድንጋይ ነው። እንዲታገሰኝ ለመንኩት፣ አልሰማኝም። ጨርሶ ሲመርረኝ ማንም እንዳይነካው የተባለውን ድንጋይ እኔው ወጥቼ ተቀመጥኩበት። እኔ ሴትዮዋ፣ የአርባ ዓመት ሰው፣ በነጠላ ጫማ!

“ውረጂ።”

“አልወርድም። አፍርስ፣ እኔንም ጨምረህ አፍርስ!”

ከኋላችን የዊልቸር ጎማ ድምፅ ሰማን። እማዬ ራሷ እየገፋች መጥታለች። ከዚያ እሑድ ወዲህ ጓሮ ወጥታ አታውቅም ነበር።

“ታምራት፣ መዶሻውን አስቀምጠህ ሰዎቹን ቁርስ አብላቸው” አለች። “ኩሽናው የማን ነው? አንዳችሁ እኔን ጠይቃችሁኛል? አንተ ትረፍ አልክ። አንቺም ሎሚውን፣ ላስቲኩን፣ ያን የሚሸት ነገር ስታመጪ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም።”

ታምራት መሬት መሬት አየ። እኔም ቀስ ብዬ ወረድኩ። እውነቷን ነው፤ ለእሷ ብዬ ስሯሯጥ እሷን ጠይቄ አላውቅም። ታምራት ሰዎቹን አብልቶ ሸኛቸውና ሲወጣ “አንድ ሳምንት” አለኝ።

ሰኞ ጋሽ ዘውዴ ጨርቅና ጠርሙስ ይዞ መጣ። ውሃ የመሰለውን ፈሳሽ “መድኃኒት” ይለዋል። ድንጋዩ ላይ አዳርሶ ቀባው፣ እስኪጠጣ ጠበቀ፣ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጠረገ። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ሽታው እስኪወጣ ሦስት ቀን ተውነው። ሐሙስ ማታ እማዬን “አንቺ ሞክሪው” አልኳት። ጣቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ረጨችበት። ጠብታው አልተንጣለለም፣ አልሰረገም፤ እንደ ዶቃ ቁጭ አለ። ዘይት ጠብ አደረገች፣ እሱም እንዲሁ። “ጌታ ይመስገን” አለችና ወደ እኔ ዞራ “ነገ ቃሪያ ግዥልኝ” አለችኝ። በቆምኩበት አለቀስኩ።

በማግስቱ ጋሽ ዘውዴንና ታምራትን ምሳ ጠራቻቸው። ቀኑ ዓርብ ነው። ማንም ሳይነግራት ማተቡን አይታ ኖሮ ከበቆሎ ዱቄት የሚድቦለቦለውን ኩርኩፋ ያለ ቅቤ፣ በጎመንና በዘይት ሠራችው። ጋሽ ዘውዴ ዳጣውን አብዝቶ ጎርሶ እንባው በጉንጩ ወረደ፤ ግን አላቆመም። ታምራትም እጁን ድንጋዩ ላይ አድርጎ ሲያሻሸው አየሁት።

እማዬ ቀልድ ትወዳለች። “እንግዲህ ጋሽ ዘውዴ፣ ሥራዎን አይቻለሁ” አለች። “ጊዜዬ ሲደርስ የኔንም ሐውልት እርስዎ ይሠሩልኛል።”

እሱ ግን አልሳቀም። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰው።

“እሱን ሌላ ሰው ይፈልጉለት እናቴ” አላት። “እኔ የእጅዎን በልቻለሁ። ስምዎን ልቅረጽ ብል እጄ እሺ አይለኝም።”

እማዬ ዳጣ ጨምራ ሰጠችው።

ክረምቱ አለፈ፣ በረዶም ወረደበት፣ ድንጋዩ ግን ደህና ነው። ሎሚ የምንቆርጠው እንጨት ላይ ብቻ ነው። በየወሩ እማዬ ውሃ ትረጭበታለች፤ ጠብታው መስረግ ሲጀምር ጋሽ ዘውዴ ጋ እደውላለሁ። እሱም ዓርብ ዓርብ ይመጣል፤ ለምርመራ ነው ይላል እንጂ ለዳጣው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ወር የሶፋውንም ላስቲክ ገፈፍኩት።

ድሮ ዝናብ ቆርቆሮውን መታ ሲያደርግ ላስቲክ ይዤ እሮጥ ነበር። አሁን ወደ ጓሮ እወጣና እማዬን ምን ልርዳሽ ብዬ እጠይቃታለሁ። ብዙ ጊዜ የምትመልስልኝ “ቁጭ በይ፣ ምንም እንዳትነኪብኝ” ብላ ነው። እኔም ቁጭ እላለሁ።