ያልደረሰው ሣጥን

ወንድሜ ካረፈ ቆይቷል። እኔ ግን የኩባ ሲጋር በተነሣ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል።

ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ አምጥቶ ካርቲየ 1 የሚባል ሰፈር ያለች ሱቁ ውስጥ ያስገባኝ እሱ ነው። እሱ ጫት ይነግዳል፤ እኔ ለመርከቦች ዕቃ አቀርባለሁ። የመጀመሪያውን ሣጥን ሲጋር የገዛሁት ከአንድ የመርከብ ወጥ ሠሪ ነው። ሲጋር ዓመታት ሲቀመጥ እንደሚበስልና ምሬቱ እንደሚለዝብ የነገረኝም ያው ሰው ነው፤ ምነው አፉን በያዘው። ባገኘሁ ቁጥር እየጨመርኩ ስምንት ሣጥን አደረስኩ። የመጀመሪያውን ግን ለወንድሜ አሰብኩት፤ ንግዱን የሚተው ቀን ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠን አብረን እንድናጨሰው። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም።

ጅቡቲ ውስጥ ሲጋር ማስቀመጥ በራሱ ያበሳጫል። ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ንፋስ ሲነሣ ቅጠሉ ይሰነጠቃል፤ የባሕሩ እርጥበት ሲመጣ ይሻግታል። ስለዚህ የማይሠራ ፍሪጅ ገዝቼ የአየር ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍሌ አስገባሁ። ውስጡ የአሳል ሐይቅ ጨው በትንሽ ውሃ አርሼ በሳህን አኖርኩ። እርጥበቱን በልኩ የሚይዘው ጨው ነው። በሩን ከዘጉት በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ወንድሜ ከሰዓት በኋላ እየቃመ፣ ያቺን ርካሽ ሲጋራውን እያጨሰ፣ "አቦ፣ አንዷን እንኳ ቅመስ አትለኝም?" ይለኛል።

"አልደረሰም ጋሼ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"ያንተ እንቁላል እኮ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ታርዶ ተበላ" ብሎ ይስቃል። ዓመታት ሙሉ ይጠይቀኛል፤ ዓመታት ሙሉ አልደረሰም እለዋለሁ።

አንድ ጊዜ አክስታችን ድሬዳዋ ሞተችና አንዳችን ሱቁን መጠበቅ ስለነበረብን ለለቅሶው እኔ ሄድኩ። የክፍሉን ቁልፍ ስሰጠው "ፍሪጁን አትክፈተው" አልኩት። ለምን እንደሆነ አላስረዳሁትም።

ስመለስ ፍሪጁ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሲጋሮቹ ከየሣጥናቸው ወጥተው፣ እንደ ጫት በእስር በእስር ታስረው፣ በራሰ ጆንያ ተጠቅልለው ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። አንዱን ፈታሁት። ቅጠሉ አብጦ ተተርትሯል፤ ላዩ ነጭ ሻጋታ ነው።

"መብራት ሦስት ቀን ጠፋ" አለኝ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው። "እንዳይደርቅብህ ብዬ ነው። ቅጠል አይደል? ቅጠል ደግሞ እኔ አውቃለሁ። ጠዋት ማታ ውሃ ስረጭልህ ሰነበትኩ።"

በሩን ባይከፍተው ሦስት ቀን ምንም አያደርጋቸውም ነበር። ከድሬ ጫት ነጋዴ በቀር እንዲህ የሚሳሳት ማን አለ? በታላቅ ወንድም ላይ አይጮህም፤ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ።

በማግስቱ ከወደብ ስመጣ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጧል። ከመጀመሪያው ሣጥን አንዱን ፀሐይ ላይ አድርቆ፣ ሻጋታውን በሽርጡ ጠርጎ፣ ለኩሶ ያጨሳል። አጠገቡ ለእኔ ሌላ በርጩማ አስቀምጧል።

"ደርሷል እኮ" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ና ተቀመጥ።"

ከአፉ ነጥቄ መንገዱ ላይ ወረወርኩት። "ያንተ አይደለም!" አልኩት፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። ከሽርጡ ላይ አመዱን አራግፎ፣ ሁለቱንም በርጩማ ይዞ ገባ።

ከዚያ ወዲያ ሲጋር ጠይቆኝ አያውቅም። ንግዱን ያስተወው ሕመም ነው፤ ያን ጊዜ ደጃፍ መቀመጥም አልቻለም።

ውሃውን ይቅር ካልኩት ቆየሁ። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያ ሣጥን ከገዛሁት ቀን ጀምሮ የእሱ ነበር፤ ለራሴ እንደዚያ ስል ኖሬ፣ ሊያጨሰው ሲቀመጥ ከአፉ ነጠቅሁት።