ስንጥቅ መስሎኝ የደፈጠጥኩት ራዲያተር

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ መኪናዬን ራሴ እነዳለሁ፣ ስትበላሽም ራሴ እጠግናታለሁ።

ዛሬ ዳገቱ መሃል ላይ ፈላችብኝ። ልጄ ለተይ አጠገቤ ነበረች። "ኣቦይ፣ ደግማ ከፈላች ቁልፉን እሰጥሻለሁ ብለውኛል" ብላ እጇን ዘረጋች።

ራዲያተሩ አዲስ ነው፤ በቅርቡ የገጠምኩት እኔ ነኝ። በጠፍጣፋዎቹ ቱቦዎች መሃል ያለው የታጣጠፈ ስስ ቆርቆሮ ጥቃቅን ስንጥቅ ነበረበት። የፋብሪካ ስሕተት መስሎኝ በቢላ ጫፍ አንድ በአንድ ደፍጥጬ አስተካከልኩት። ዓይኔ ገና ደህና ነው!

አውልቄ ወደ ራዲያተር ሠሪው ወደ ሰዒድ ወሰድኩት። ሰዒድ የወሎ ሰው ነው፤ አይቶ ሳቀ። "ኣያ ሐጎስ፣ ስንጥቁ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ነፋስ ለስላሳ ቆርቆሮ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ስንጥቁ ሲቆራርጠው ነው ሙቀቱን ይዞ የሚወጣው።"

"አታታልለኝ!" ብዬ ጮህኩበት። "ግማሹን ብቻ ክፈትና እንይ።"

በመርፌ ከፈተው። የፈላ ውኃ ሞላበትና ከፊቱ ቬንትሌተር አቆመ። እጄን ከኋላ አስጠጋሁ። እሱ በከፈተው በኩል የሚወጣው ነፋስ ትኩስ ነው፣ እኔ በደፈጠጥኩት በኩል ለብ ያለ። ደጋግሜ እጄን አመላለስኩ። ለካ ያቺ ትንሽ ስንጥቅ ይህን ሁሉ ትሠራለች!

የቀረውን ግማሽ ነገ ራሴ እከፍታለሁ። ሰዒድንም ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቁልፉንም በራሴ እጅ አስረክባለሁ፤ ቃል ዕዳ ነው።

እናንተስ አሻሻልኩ ብላችሁ ያበላሻችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ። ለተይ ስትነዳ አጠገቧ ተቀምጬ ቀስ ብዬ አነበዋለሁ።